ጅብራ ሳላይ ስንቱን እንደ ጅብራ ገተርኩት

አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ነበር። ባልዬው በር ላይ ቆሟል። ሚስቱ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነው። እሱ ትንፍሽ አይልም። ምን እንደሚሰማው መግለጽ ሲያቅተኝ "እንደ ጅብራ ተገትሮ ቀረ" ብዬ አለፍኩ።

ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ ደወለልኝ።

"ጅብራ ምንድን ነው?"

"እንጨት ነዋ! ደረቅ እንጨት ነገር።"

"አይተሽው ታውቂያለሽ?"

ዝም አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ኮምፒውተሬን ከፍቼ እስከዛሬ የጻፍኩትን ሁሉ ፈተሽኩ። በአምስት ታሪኮች ውስጥ ሰባት ሰው እንደ ጅብራ ገትሬያለሁ። አንዷ ባልቴት ናት፣ አንዱ ትራፊክ ፖሊስ። ጅብራ ግን ዛፍ ይሁን ቁጥቋጦ፣ ቆላ ይብቀል ደጋ፣ አላውቅም።

ልናዘዝ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ተፈጥሮ ማለት ለእኔ ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክገባ ያለው ጭቃ ነበር። ጽጌረዳ ከአበባ ሻጭ፣ ዝናብ ከመስኮት ውጭ፣ ጨረቃ መብራት ሲጠፋ። በቃ።

አንዴ ብቻ ሞክሬያለሁ። "መጻፍ ሲያቅትሽ ተፈጥሮ መሀል ግቢ፣ ሐሳቡ ራሱ ይመጣል" ብለውኝ እንጦጦ ወጣሁ። ደብተር ያዝኩ፣ ፔርሙስ ሻይ ያዝኩ። አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ተቀመጥኩና ሐሳብ እስኪመጣ ጠበቅኩ። የመጣው ብርድ ነው። ሁለት ሰዓት ቆይቼ የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦ "ወፎች ይዘምራሉ፤ ነፋሱ በጆሮዬ ያንሾካሹካል፤ የአገሬ ተፈጥሮ እንዴት ውብ ነው!"

ደብተሩ አሁንም አለ። ሳነበው ፊቴ ይቀላል። ያን ቀን ከአንድ ቁራ በቀር የሰማሁት ወፍ አልነበረም። ደግሞ በእናቴ አማርኛ ወፍ ይንጫጫል እንጂ አይዘምርም። መዘምራን ሌላ ናቸው። "የአገሬ ተፈጥሮ" ብዬ የተደገፍኩት ዛፍም እንግዳ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ገና ልጅ ሳለች፣ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ሰዉ "ባሕር ዛፍ" ያለው ባሕር ተሻግሮ ስለመጣ ነው። ስሙን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው "ባሕር" የምትለዋ ቃል ምን እንደምትሠራ ጠይቄ አላውቅም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች በፊቴ አለፉ። ሸክሙ ከእነሱ ይሰፋል። ከጀርባቸው ሲታዩ እግር ያወጣ ጫካ ይመስላሉ። አንዷ ቀና ለማለት እየሞከረች "እቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ሄደች። ይህንን አልጻፍኩትም። ሐሳብ እየጠበቅኩ ነበራ!

ወደ ጅብራዬ ልመለስ። የመሥሪያ ቤት ልጆች ለጥምቀት ጎንደር ሲሄዱ ተለጠፍኩባቸው። በዓሉ ሲያልፍ ሁለት ቀን ስሜን ተራሮች እንሂድ ተባለ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ላይ ተመዝግበን፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ተመድቦልን ገባን። አስጎብኛችን ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን፣ ጭላዳ ሣር ነጭቶ የሚኖር ዝንጀሮ መሆኑን፣ ዋልያ በዓለም ላይ እዚህ ብቻ እንደሚገኝ ያስረዳል። ጓደኞቼ ከገደሉ አፋፍ ላይ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ስካውቱን ጎተትኩት።

"ጅብራ የቱ ነው?"

ሰውየው ሳቁ። ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ነበርን። በእጃቸው ዙሪያውን አሳዩኝ። "ያላየሽው የቱን ነው እህቴ? በመሀሉ አይደል እንዴ የቆምሽው!"

እውነትም መሀሉ ነኝ። ከመኪና ከወረድኩ ጀምሮ ሳየው የቆየሁት ነገር ነው። በባዶ ሣር ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ርቆ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ከሩቅ ሲያዩት ሰው ይመስላል። ጋቢ ለብሶ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ሰው። ጠጋ ስትሉ ከታች ግንድ አለው፤ ከላይ ረጃጅም ቅጠሎች እንደ ጎፈሬ ፈንጠር ፈንጠር ብለው ወጥተዋል። ያበበው ደግሞ ከቅጠሎቹ መሀል አንድ ወፍራም ዘንግ ሰማይ ድረስ ተኩሷል። ቁመቱ ከእኔ እጥፍ በላይ ነው።

አጠገቡ የደረቀ ነበር። ግራጫ፣ ቅጠሉ ረግፎ ዘንጉ ብቻ የቀረ።

"ይሄስ ምን ሆኖ ነው?"

"አብቦ ነዋ።"

"አብቦ?"

"ጅብራ አንዴ ነው የሚያብበው። ዓመታት ዝም ብሎ ይኖርና አንድ ቀን ያብባል። ካበበ አለቀለት። እንዲህ ቆሞ ይደርቃል።"

በጣቴ አንኳኳሁት። ቷ፣ ቷ አለ። ውስጡ ባዶ ነው። ባዶ ጀሪካን ስትመቱ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ነፋስ ሲመጣ ያበቡት ትንሽ ይወዛወዛሉ፤ የደረቀው ንቅንቅ አይልም።

እዚያው በብርዱ ያ በር ላይ የቆመው ባል ትዝ አለኝ። እስከዚያ ድረስ ደንዛዛ ነበር ያደረግኩት። የማይገባው፣ ድንጋይ የሆነ ወንድ። አሁን ግን ጥያቄ መጣብኝ። ይህ ሰው መቼ ነው ያበበው? ማለቴ፣ ትናንት ማታ ምን ብሏት ነበር? በሕይወቱ አንዴ ብቻ፣ ዓመታት አምቆ የያዘውን ሁሉ ዘርግፎት ከሆነስ? ጠዋት ላይ የሚናገረው ያጣው ስላልገባው ሳይሆን ስለጨረሰ ከሆነስ?

ድንኳን ውስጥ፣ በጓንት፣ በእጅ ባትሪ የማታውን ትዕይንት ጻፍኩ። እስከ ዘጠኝ ገጽ ሄደ። "እንደ ጅብራ" የሚለውን ሐረግ ግን ከታሪኩ አወጣሁት። አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክፉ ልማድ ያዘኝ። አንድ ደብተር ገዝቼ የምጠቀምባቸውን ግን አይቻቸው የማላውቃቸውን ነገሮች መመዝገብ ጀመርኩ። ብዛታቸው አስደነገጠኝ። የእምቧይ ካብ እላለሁ፤ እምቧይ አላውቅም። ሙጃ አላውቅም። አመዳይ አላውቅም። "ሳማ እንደነካው ሰው ዘለለ" ብያለሁ፤ ሳማ ነክቶኝ አያውቅም። (አሁን ነክቶኛል። ሰው አይዘልም። መጀመሪያ "ምን ነካኝ?" ብሎ ቆሞ ያስባል፣ ከዚያ ነው ጉዱ የሚመጣው።) የምጽፍበት አማርኛ ሜዳ ላይ የተወለደ ነው። ገበሬ፣ እረኛ፣ ቆሎ ተማሪ እያየ የሠራው ነው። እኔ ዕቃውን ሳላይ ስሙን ብቻ የምነግድ ደላላ ሆኛለሁ።

ደብተሩ ላይ ትልቁ ዕዳ "ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" የሚለው ነበር። ያኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ምራትና አማት ነው። ምራቲቱ ቁልቋል፣ አማትየዋ አጋም። ታሪኩ ግን ገጽ አራት ላይ ሞቶ ቀርቷል። አማትየዋ ክፉ ናት፣ ምራቲቱ ታለቅሳለች፣ ከዚያስ? ከዚያ የለም።

ደጀን አካባቢ አጎቴ አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ቆይተው ነው ወደ እርሻው የተመለሱት። ለፋሲካ ስሄድ ደብተሬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። አልሳቁብኝም።

"እኛም እንዲሁ ነበርን" አሉ። "ቆጠራ እንወጣ ነበር።"

ቅኔ ቆጠራ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ነገሩን ግን በደንብ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ያንን ይዞ ጠዋት ከመንደር ይወጣል። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ቋጥኝ ላይ፣ ሁሉም ለየብቻው። ጀማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። እየበሰለ ሲሄድ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። ካልሆነ ያፈርሰዋል።

"ታዲያ ለምን ዱር? ቤት ቁጭ ብሎ አይቻልም?"

"ወርቁንማ ቤትም ታገኚዋለሽ። ሰው ይሞታል፣ ዓለም ታልፋለች፣ ባለጠጋ ይደኸያል። ይህን ማን የማያውቅ አለ? የሚቸግረው ሰሙ ነው። ሰሙን ዞረሽ ማየት አለብሽ።"

ስለ ሰምና ወርቅ ትምህርት ቤት ስማር ሰሙ ቅርፊት፣ ወርቁ ፍሬ ነው ተብዬ ነበር። ቅርፊቱን ጥለሽ ፍሬውን ያዥ። ጋሼ ነገሩን ገለበጡብኝ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ወርቅ ይዤ ሰም ያጣሁ ሰው ነበርኩ። ብቸኝነት፣ ክህደት፣ ናፍቆት ሞልቶኛል። የምጠቀልልበት የለኝም።

በነገራችን ላይ "ከተፈጥሮ መነሳሳት" ሲባል አብሾንም እንዳትጨምሩ። ከአስተናግር የሚሠራ ነው፤ ለቅኔ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ይጠጣ ነበር። አስተናግር መርዝ ነው። ጋሼ የጠጣ ጓደኛቸውን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቅኔውም ልጁም አልተመለሱም።

በማግስቱ አጋምና ቁልቋል እናያለን ብለው ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው ጥግ ይዘውኝ ወረዱ። ከቤት ሩብ ሰዓት አይርቅም። እዚያ የአንድ ሰው ድሮ የታጠረ ማሳ አለ። አጥሩ ቁልቋል ነው፤ ክንዱን ወደ ላይ እንደ መቅረዝ የዘረጋ። ከሥሩ አጋም በቅሎ ወጥቶበታል።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ቁጭ ማለት ነበረብኝ፤ ቆሞ አይታይም። የአጋሙ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የወጣ፣ ጠንካራ፣ አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ። ነጭ አበባው ጫፉ ላይ ሮዝ አለበት፤ ሽታው ይጣፍጣል። አንዱ ቅርንጫፍ ከቁልቋሉ ጎን ተለጥፏል። የተለጠፈበት ቦታ ላይ ቁልቋሉ ተበሳስቷል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ነጭ ወተት ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ደርቆ መስመር ሠርቷል። መስመር በመስመር ላይ። የታችኛው ጠቁሯል፣ የላይኛው አሁን የወጣ ነው፣ ገና እርጥብ።

"ዓይንሽን እንዳትነኪ!" ጮኹብኝ ጋሼ። "ያ ወተት ዓይን ያጠፋል።"

እጄን ሰበሰብኩ። እንባው ራሱ ዓይን ያጠፋል ማለት ነው። ይህን ምሳሌው አልነገረኝም።

ቆየን። ነፋስ ከገደሉ ሥር መጣ። ቁልቋሉ ከባድ ስለሆነ አልተነቃነቀም። አጋሙ ግን ቀላል ነው፤ ተወዛወዘ። ሲወዛወዝ እሾሁ ገባ። ነፋሱ ሲቆም ወጣ። አንድ ጠብታ ወተት ብቅ አለች።

አጋሙ ምንም አላደረገም! ነፋሱ ነው የገፋው። ዕድሜዬን ሙሉ አጋምን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ነፋስ የሚባል ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ የለም።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ጎንበስ ብለው አንዲት የአጋም ጭራ ቀነጠሱ፤ የተቀነጠሰበትን ጫፍ ወደ ፊቴ አቀረቡት። ነጭ ወተት ጠብ አለ።

"እሱም አለው" አሉ። "የሚያየው የለም እንጂ።"

ከዚያ ስለ ከብት ዋጋ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን አልሰማኋቸውም። አማትየዋን እያሰብኩ ነበር። እሷን ማን ነው የሚቀነጥሳት? ነፋሱስ ማን ነው? ታሪኩ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ስሙ የተጠራ፣ "ወንድሜ መሬቱን ለማካፈል በፋሲካ ይመጣል" ተብሎ የተረሳ ሰው ነበር። እሱ ነው። ነፋሱ እሱ ነው። ታሪኩ ከገጽ አራት ተነስቶ ገጽ ሃያ ሁለት ደረሰ፤ አሁን በውስጡ ክፉ ሰው የለም፤ የሚያለቅሱት ግን ሁለት ሆኑ።

ሁሉም ነገር እንዲህ ይሳካል ማለት አይደለም። ሙጃን አየሁት፤ ሣር ነው፤ ምንም አላለኝም። አመዳይ ፍለጋ አንድ ሌሊት ደጅ አድሬ ያተረፍኩት ጉንፋን ነው። አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከታሪክ ይልቅ እርማት ይሰጣል። መስከረም ላይ አንድ ጽሑፍ ለጋሼ በስልክ አነበብኩላቸው። "በፀደይ ወራት አደይ አበባ ስትፈነዳ…" ገና አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አስቆሙኝ።

"ፀደይ መጋቢት 26 ነው የሚገባው። አሁን እኮ ክረምቱም አልወጣ! መስከረም 25 ይውጣና ከዚያ መፀው ነው።"

ልክ ናቸው። መስከረምን ፀደይ ያስባለኝ የፈረንጅ መጽሐፍ ነው። አበባ ካለ ፀደይ ነው ብዬ የእነሱን ወቅት በእኛ ሰማይ ላይ ሰቅያለሁ።

የዚያን ሰሞን ነው የመስቀል ወፍን በደንብ ያየኋት። ጫካ አልሄድኩም። ኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ያልተሠራ ቦታ ላይ፣ በዝናቡ ሣር አድጎበታል። "የመስቀል ወፍና አደይ አበባ፣ ቀጠሮ አላቸው መስከረም ሲጠባ" እያልኩ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ከሩቅ አገር ለቀጠሮዋ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ እኔ ያየሁት ጥቁርና ነጭ፣ ቀይ መንቆር ያለው፣ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝመውን ነው። ያ ያጌጠው ወንዱ ነው። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ድንቢጥ ናት ብላችሁ ታልፏታላችሁ። እንቁላሏንም የሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ነው የምትጥለው።

ወንዱም ቢሆን ከየትም አልመጣም። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያ ሁሉ ጅራት ይረግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ሣር ላይ፣ በመስኮቴ ሥር ሊሆን ይችላል ሲለቅም የሚኖረው። ልብስ ስለቀየረ ነው ያየሁት። በየጽሑፌ "የመስቀል ወፍ መጣች" እያልኩ ስቀበል፣ እሷ "የት ሄጄ?" ሳትለኝ አትቀርም።

ይህንን ገና ታሪክ አላደረግኩትም። ስለ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይመስለኛል። ሁልጊዜ በአጠገቡ እናልፋለን፤ አንድ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሶ ለልጁ ሠርግ ሲወጣ "አዲስ ሰው ገባ እንዴ?" ብለን የምንጠይቅ። እንጃ። ይቆይ።

ባለፈው ደግሞ የእምቧዩን ዕዳ ልክፈል ብዬ ጋሼ ጋ ሄድኩ። እምቧይ እሾሃም ቁጥቋጦ ናት፤ ፍሬዋ ስትበስል ቢጫ፣ ድቡልቡል፣ ብይ ታህል። መሬት ላይ ስትጥሏት ትንከባለላለች። የእምቧይ ካብ ማለት ታዲያ ግልጽ ነው፤ አይቆምም። እኔ ግን ስንት ረድፍ ላይ እንደሚፈርስ ማወቅ ፈለግኩ። ከጎረቤት ሦስት እረኞች ተሰበሰቡ። ትልቁ አሥር ዓመት ቢሞላው ነው። እኔን እንደ ዕብድ እያዩኝ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ለቀሙልኝ።

የመጀመሪያው ረድፍ በድንጋይ ተደግፎ ቆመ። ሁለተኛውን ስናስቀምጥ የታችኛው ተንሸራተተ። እንደገና ጀመርን። ሁለተኛው ቆመ፤ ሦስተኛው ላይ ሁሉም ተበታተነ። ልጆቹ እየሳቁ አባረው ለቀሙ። ጋሼ ከበር ላይ ሆነው "አልኩሽ!" አሉ።

ትንሹ ልጅ እስከዚያ ምንም አላለም። ከኪሱ ምላጭ አወጣ። አንዷን እምቧይ አንስቶ ከመሀል ሰነጠቃትና ግማሿን በሆዷ መሬት ላይ ደፋት። አልተንከባለለችም። ሌላ ሰነጠቀ። ደረደረ። በላዩ ደረደረ።

"ተሰንጥቆ ከሆነ ይቆማል" አለ ቀና ሳይል።

ጋሼ ከበሩ ላይ ተነስተው መጡ። አምስተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ መሸብን።